ሁለት ጊዜ የተነፋ

«ናዚ፣ ፋይሉን ከመስጠቴ በፊት እኔ ራሴ ፕሮጀክሽኑን ሠርቼበት ነበር። አንቺ ደግመሽዋል ማለት ነው» አላት ፈዬራ በስልክ።

ናዝሬት የካ ተዳፋት ላይ ባለው የአባቷ ግቢ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ረፋድ አራት ሰዓት ነው፤ የማስተርስ ጽሑፏን በስምንት ሰዓት ፈታኞች ፊት ታቀርባለች። ስሌቱን ከክፍል ጓደኛዋ ከፈዬራ ጋር ሲካፈሉ ማን የቱን እንደሠራ ሳይነጋገሩ ቀርተው፣ የሁለት ዓመት ልፋቷን ውኃ ሊበላው ነው።

በኳንተም መካኒክስ የአንዲት ቅንጣት ሁኔታ እንደ ቀስት ይታሰባል፤ ስቴት ቬክተር ይሉታል። ፕሮጀክሽን ኦፕሬተር ከቀስቱ የተፈለገውን አቅጣጫ ድርሻ አስቀርቶ ሌላውን ይጥላል። ሲነሳ ርዝመቱ አንድ የነበረው ቀስት ያጥራል፤ የርዝመቱ ስኩዌር ቅንጣቷ በዚያ ሁኔታ የመገኘቷን ዕድል ይናገራል። ያጠረውን ደግማ አሳጥራው ከሆነ ሰንጠረዦቿ ሁሉ ውሸት ናቸው።

አባቷ አቶ ሣህሌ ግንበኛ ናቸው፤ የቀን ሠራተኛ የነፋውን አሸዋ አምነው አያውቁም። ትናንት የተነፋውንም ዛሬ ከአጠገቧ በዚያው ወንፊት እየደገሙት ነበር። እናቷ ወይዘሮ ብዙነሽ «ጠጠር የማይፈጭለት፣ ጨጓራውን ያመመው ቤት ነው እንዴ የምትሠራው» እያሉ ይተርቧቸዋል። ናዝሬት በደመ ነፍስ ወደ ወንፊቱ አየች። ትናንት ጠጠር የተከመረበት ሥሩ ዛሬ ባዶ ነበር።

ጎንበስ ብላ ኦፕሬተሩን በጣቷ አሸዋው ላይ ጻፈች፤ በራሱ አባዛችው። ራሱ ተመልሶ መጣ፤ ሁለቴ መድገም እንደ አንዴ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ የተማረችውን ነገር ድንጋጤ አስረስቷት ነበር። አሁን የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ያጠረው ቀስት ተመልሶ ወደ አንድ ከተሳበ ዕድሉን የሚናገረው ርዝመት ይጠፋል።

«ፈዬራ፣ ካሳጠርከው በኋላ ርዝመቱን ወደ አንድ መልሰኸዋል?»

የኮምፒውተሩ ቁልፎች ሲንኳኩ ሰማች።

«አልመለስኩትም። እንዳጠረ ነው የሰጠሁሽ።»

«እንግዲያው ተወው። የኔው ድጋሚ ምንም አልጣለም። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው።»

ፈዬራ በረጅሙ ሲተነፍስ ተሰማ። እሷም እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም።

«ምነው ልጄ፣ ተበላሸ?» አሉ አባቷ።

«አልተበላሸም፣ አባዬ።»

አካፋውን ከእጃቸው ተቀበለች። አቶ ሣህሌ ለፈተናው የተወለወለውን ጫማዋን አዩና ሊከለክሏት ቃጡ፤ ተዉት። አንድ አካፋ ዝቃ ወንፊቱ ላይ በተነች። አሸዋው ሾ ብሎ አለፈ። ጎንበስ ብላ ወንፊቱን አየችው፤ አንድም ጠጠር አልቀረበትም፤ ከዚያ ሌላ አካፋ ዛቀች።