የክሮዌል ኮንትራት

የእሁድ ጠዋት የበረዶ ሆኪ ጨዋታችን ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ከዌንዴል ጋር ጭቅጭቅ ገጠምን። የምንደግፈው ትልቁ ክለብ ለኮከቡ ለክሮዌል የስምንት ዓመት ኮንትራት ሰጥቶ፣ ሊጉ ለአንድ ቡድን የወሰነውን የደመወዝ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«አንድ ሰው ይህን ሁሉ ከወሰደ ለበረኛ ምን ተረፈ?» አለ ዌንዴል፣ በአንድ እግር ጫማ እየተንቆራጠጠ።

እኔ ደግሞ ክሮዌልን ሲነኩብኝ ደሜ ይፈላል። «የሚከፈለው ጎል ለሚያገባ ነው። በረኛማ ማንም ይሆናል።»

«ማንም?»

«ማንም። ቆሞ መጠበቅ ምን ሙያ አለው?»

«ተው አንተ ሰውዬ» አለና በዓይኑ ወደ ጥጉ ጠቀሰኝ።

ጥጉ ላይ የእኛው በረኛ ጋርኔት ተቀምጧል። በየሳምንቱ በረዶ በሸፈነው መንገድ ስድሳ ኪሎ ሜትር መኪና ነድቶ ይመጣል። እኛ ለሜዳው ኪራይ ሃያ ሃያ ዶላር ስናዋጣ እሱ አይከፍልም፤ እዚህ አገር የትም ሰፈር ልማዱ እንደዚያ ነው፣ በረኛ የሚሆን ሰው አይገኝማ።

ጋርኔት የበረኛ የእግር መከላከያዎቹን ፈታና እግሬ ስር አስቀመጣቸው።

«ጋርኔት፣ ስለ ክለቡ እኮ ነው የማወራው» አልኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሃያ ዶላር አውጥቶ መዋጮ የምንሰበስብበት ጣሳ ውስጥ ከተተ። «ዛሬ አጥቂ ነኝ» አለና የእኔን የሆኪ ዱላ አንስቶ ወጣ።

ዌንዴል ከጣሳው የእኔን ሃያ ዶላር መዝዞ መከላከያዎቹ ላይ አኖረልኝ።

«በረኛ አይከፍልም» አለ።