ለአራት መቶ ጓደኛ ብቻ

የኮሌጁ ቧንቧ ሠራተኛ የበላበትን ቀን ይረሳል እንጂ የተሰደበበትን አይረሳም። የሰደበችው አንዲት ባለመነጽር ተማሪ ናት። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት፣ ቦታው የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ሦስተኛ ፎቅ።

የተደፈነ የእጅ መታጠቢያ ሊከፍት ነበር የሄደው። ወለሉን ገና ተወልውሎ ስላገኘው፣ አክብሮ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ማክበሩ ጦስ ሆነበት! እሱ ከመታጠቢያው ሥር ተንበርክኮ ሲታገል፣ እሷ ከኋላው ቆማ ከተቀደደ ካልሲው ብቅ ያለውን አውራ ጣቱን በስልኳ ቀረጸችና፣ «ቧንቧችንን ሊጠግን መጣ፤ የእሱን ካልሲ ማን ይጠግንለት?» ብላ ገጿ ላይ ለጠፈችው። እስኪመሽ ግቢው ሁሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እዚያው ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት የምትማረው የገዛ ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ ስታየው መንገድ ትቀይራለች። የሰው ቆሻሻ በእጁ እየዛቀ ያሳደጋት ልጅ!

በሦስተኛው ሳምንት ባለመነጽሯ ዕቃ ክፍሉ ድረስ መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ እጇ ላይ ወረቀት ይዛለች።

«ጋሼ፣ ይድረሱልኝ። መምህራችንን የሰደብኩበትን ቪዲዮ አንዱ ከገጼ አውጥቶ ለዲኑ ሰጠብኝ። ገጼን ሲያዩ የእርስዎንም አገኙት፤ ሁለት ጥፋት ሆነብኝ። ‹ፈቅጄላት ነው› ብለው ካልፈረሙልኝ ያባርሩኛል።»

«እና ተበዳይዋ አንቺ ነሽ?»

«የግሌ ገጽ እኮ ነው! ለጓደኞቼ ብቻ ነበር የለጠፍኩት።»

«ስንት ናቸው ጓደኞችሽ?»

«አራት መቶ ገደማ።»

«አራት መቶ! እኔ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ሬሳዬን የሚያነሳ አራት ሰው አላፈራሁም። አራት መቶ ሰው የሰማውን ምስጢር ትይዋለሽ? ገበያ መሀል ልብስ አውልቆ ‹ማን እየኝ አለህ› ይባላል እንዴ?»

አለቀሰች። ሆዱ ባባ፤ መቼም የሴት ልጅ አባት ነው። እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ።

«እፈርምልሻለሁ። የሰደብሽኝ ግን በአደባባይ ነው፤ ይቅርታሽንም እዚያው ለጥፊው። ልጄ ትየው።»

ባለመነጽሯ ክው አለች። «ኧረ ጋሼ! ይቅርታውን እዚሁ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ። መለጠፉ ግን... ይሄ የግል ጉዳይ አይደል? ሰው ምን ይለኛል?»

ሰው ምን ይለኛል! ደሙ ፈላ። እሱን ስትለጥፈው ‹ሰው ምን ይለዋል› አላለችም። እስክሪብቶውን መልሶ ከተተ፤ የመፍቻ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ውሃ ወደሚያንጠባጥብበት ሁለተኛ ፎቅ አመራ።

«ጋሼ! ኧረ ጋሼ!» እያለች እስከ ደረጃው ተከተለችው።

ዞሮም አላያት።