በቀልጣፌ ስም

ዶክተሩ ቢሮውን መቆለፍ ከጀመረ ሳምንት ሆነው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ የሙዚየም ምድር ቤት ከጥንት እንስሳት አጥንት ላይ ድንጋይ ስፍቅ አንድም ቀን በር ተቆልፎብኝ አያውቅም። ስገባ ወረቀቱን ይደፋል፣ ስልክ ላይ ያንሾካሽካል፣ ደግሞ ብሎ ብሎ «ምነው እትዬ?» ይለኛል። «ምነው» ማለት ያለብኝስ እኔ!

ሆዴ የሻከረው በከንቱ አይደለም። ሦስት የዳይኖሰር ስብርባሪ አለን፤ ግማሽ መንጋጋ፣ አንድ የጀርባ አጥንትና አንድ የእግር ጣት። ያገኛቸው የመስክ ሾፌራችን፣ ባሌ ነው። ሰው ሁሉ ቀልጣፌ ይለው ነበር። ጎማ ሊቀይር ተንበርክኮ አያቸው። ዶክተሩም «አዲስ ዝርያ ከሆነ በስምህ ነው የምሰይመው» ብሎ ቃል ገባለት። ቀልጣፌ ከሞተ አራት ዓመቱ፤ ልጆቼ ግን ያንን ስም ዛሬም ይጠብቃሉ። ይሄ ሰውዬ ግን ስሙን ለሆነ ትልቅ ሰው ሊያጎበድድበት ነው ብዬ ቆርጫለሁ።

ዛሬ ቁልፉን በሩ ላይ ረስቶ ስብሰባ ሄደ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ገባሁና ወረቀቱን ገለበጥኩት። ገና ከላይ፣ በትልቁ፣ ቀልጣፌ! የላቲን ጭራ ተቀጥሎለታል። ለካ ሊያስደስተኝ ኖሯል የሚደብቀኝ። እፍረት ገደለኝ፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እንባዬን ጠርጌ ማንበቤን ቀጠልኩ። «በመንጋጋው ውጭኛ ጎን ያለው ጥልቅ ቦይ በሌላ ዝርያ ላይ አልታየም። አዲስ የሚያሰኘውም ይኸው ብቻ ነው» ይላል።

የቱ ቦይ? መንጋጋውን አውጥቼ ማጉያው ስር አደረግኩት። እንስሳው ይዞት የተወለደው ቦይ ለስላሳ ነው። ይሄ ግን የአጥንቱን ልባስ ቀዶ ስፖንጅ የሚመስለውን ውስጡን አሳይቷል። ድንጋይ የምንፍቅበት የማጽጃ መርፌ ሥራ ነው! ደሜ ፈላ። ለዝና ብሎ አጥንት ይቆፍራል እንዴ? ጉድ እኮ ነው!

ማን ምን ቀን የቱን እንዳጸዳ የሚጻፍበትን መዝገብ ገለጥኩ። መንጋጋው ጋ ያለው የእጅ ጽሑፍ የእኔ ነው። ቀኑን ሳየው ክው አልኩ። በአየር ግፊት የሚንዘረዘረው መርፌ እጄ ላይ እያለ ከሆስፒታል የተደወለልኝ ያን ቀን ነው። መርፌው የት እንዳረፈ መች አየሁ? ከለቅሶ ስመለስም ሳላስተውል ማጠንከሪያ ሙጫ ቀብቼ ሣጥኑን ዘጋሁት።

ቀና ስል ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሟል። «አዩት አይደል እትዬ?» አለ እየሳቀ። «ነገ ለመጽሔቱ ልልከው ነው።»

ዝም ብል ማን ያውቃል? ልጆቼንስ ምን ልበላቸው?

«እንዳትልከው» አልኩት። «ቦዩን የቆፈርኩት እኔ ነኝ።»

ፈገግታው ጠፋ። አጎንብሶ በማጉያው ረጅም ጊዜ አየ።

«መቼ?» አለኝ።

ቀኑን ነገርኩት። በማግስቱ የባሌን ሬሣ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበርና ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።