ሐሙሲት ያልደረሰው ሌንስ

የካሜራውን ቦርሳ በትከሻዋ አንግታ፣ እየተነጫነጨች ሸምሲያ የመስዑድን ሱቅ ደረጃ ወጣች። በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ መቁጠር ትታለች። ልጇ ሰሚሐ ሆዷን ደግፋ ቀስ እያለች ትከተላታለች። ስድስት ወሯ ነው። አምና አንድ ፅንስ ጨንግፎባታል። ከዚያ ወዲህ ሸምሲያ ልጇ ከብርጭቆ የከበደ ነገር ስታነሳ ባየች ቁጥር ልቧ ስንጥቅ ይላል። ቦርሳውንም ከሰፈራቸው ከሹም አቦ ሱቁ እስካለበት ፋሲሎ ራሷ ተሸክማ የመጣችው ለዚህ ነው።

ሰሚሐ የሴት ወገን ፎቶ አንሺ ናት። በሙስሊሞች ሰርግ ሴቶቹ በሚቀመጡበት ድንኳን ወንድ ድርሽ ስለማይል፣ ከባሕር ዳር እስከ ወረታ ልጁን የሚድር ነጋዴ ሁሉ የሚያስጠራት እሷን ነው። ለዓመታት የሠራችው ጡብ በሚያህል ትልቅ ካሜራ ነበር። ዘንድሮ የዚያን ካሜራ አጭር ሌንስ ሸጣ፣ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ ትንሽ ካሜራ ገዛች። ያን ቀን ሸምሲያ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያ ጡብ ተገላገልሽ» ብላ ነበር።

ለካስ ካሜራ መግዛት ምራት እንደ ማምጣት ነው፤ ዘመዶቿ ተከትለው ይመጣሉ። ትንሿ ካሜራ የትልቁን ሌንስ አትቀበልም፤ አንገታቸው አይገጥምም። ለሷ የሚሆን ሌላ ሌንስ መፈለግ አለበት። ሰሚሐ ደግሞ መወሰን አቅቷታል። እሑድ ሐሙሲት ላይ ትልቅ ሰርግ አላት።

«እትዬ ሸምሲያ፣ ዛሬስ ቁርጥ ነው?» አለ መስዑድ እየሳቀ። ያገለገለ ካሜራና ሌንስ እያመጣ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሷን ጠይቃት። እኔ ለትዳር እንኳ እንዲህ አላንገራገርሁም።»

«ለዚያ ነዋ አባዬን ያገኘሽው» አለች ሰሚሐ።

መስዑድ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሦስት ነገር መስታወቱ ላይ ደረደረ። አንደኛዋ ጠፍጣፋ ሌንስ ናት፤ ዙም አታደርግም፣ ግን ጨለምለም ያለ ድንኳን ውስጥ አጥርታ ታነሳለች። ሁለተኛው ዙም ያደርጋል፤ ብርሃን ሲያንሰው ግን ይደበዝዛል። ሦስተኛው ሌንስ አይደለም፤ የትልቁን ካሜራ ረጅም ሌንስ ከትንሿ ጋር የሚያጋጥም የብረት ቀለበት ነው።

ሸምሲያ ቀለበቱን አገላብጣ አየችው። «ማለት፣ ያ ረጅሙ ተመልሶ ይመጣል?»

«ይመጣል እትዬ።»

«አህያዋ አንሳ ጭነቱ ካላነሰ ምን ተረፈን ታዲያ?»

«እውነትዎን ነው። ሚዛኑም አይመችም፤ አፍንጫው ይደፋል።»

«ሰማሽ? ጠፍጣፋዋን ውሰጂና እንሂድ።»

«እማ፣ ጠፍጣፋዋ ሩቁን አታመጣም» አለች ሰሚሐ። «መጀመሪያ ልሞክራት።»

መስዑድ ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ አለና ሦስቱም ወደ ሐይቁ ዳር ወረዱ። ሰሚሐ በጠፍጣፋዋ አነሳችና ለእናቷ አሳየቻት። ውኃ፣ ሰማይ፣ መሃል ላይ ዝንብ የምታህል ነገር።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

«ጀልባ ናት፤ እዚያ ያለችው። አሁን ደግሞ በዚህ እዪ።»

መስዑድ ትልቁን ካሜራ ከነረጅሙ ሌንስ ለሸምሲያ አቀበላት። አንድ ዓይኗን ጨፍና ተመለከተች። «ውይ! ሰውየው ጥርሱን እየፋቀ ነው!» አለች። ወዲያው ግን ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይህን ልጇ አንገት ላይ አሰበችው፤ ሙሉ ቀን፣ ከዚያ ሆድ በላይ። ልጅ ሳትወልድ ሌላ ልጅ ታቅፋለች ማለት ነው። «እንኪ ውሰጅልኝ… አይ! አንቺ አትንኪው! መስዑድ፣ አንተ ያዘው!»

«እማ፣ እስቲ ልንገርሽ» አለች ሰሚሐ። «ጠፍጣፋዋ በትንሿ ካሜራ ለቅርቡ ትሆነኛለች። ረጅሙን ደግሞ በትልቁ ላይ እንዳለ፣ ባለ አንድ እግር ስታንድ ላይ አድርጌ…»

«ስታንዱም ብረት ነው!»

«አስጨርሺኝ እንጂ። አንድ ጥግ…»

«ጥግም አልፈልግ፣ መሃልም አልፈልግ! ሐኪሙ ክብደት አታንሺ ብሏል፤ አበቃ።»

ሰሚሐ ትንሿን ካሜራ አንገቷ ላይ አጠለቀችና ወደ ሱቁ ዞረች። ሲመለሱ ጠፍጣፋዋን ገዛች፤ ቀለበቱን ተወችው። መንገድ ላይ ግን፣ «እሑድ ሁለቱንም ካሜራ እይዛለሁ» አለች፤ ድምጿ ቁጣም ደስታም አልነበረበትም። ሸምሲያ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። ስንት ቀን የተለፋው ለዚህ ነው? ለመቅለል ትንሽ ይገዛል፤ ከዚያ ትንሹም ትልቁም ይታዘላል። ይህን የት አገር ነው ብልሃት የሚሉት?

ቅዳሜ ከሰዓት ሰሚሐ ጋደም ባለችበት ሸምሲያ ቦርሳውን ከፈተች። ቢስሚላህ ብላ ረጅሙን ሌንስ ሰሚሐ ስታደርግ እንዳየችው አዙራ ነቀለችው፤ የካሜራውን አፍ በክዳኑ ዘጋች። ሌንሱን በፎጣ ጠቅልላ ቁምሳጥኗ ውስጥ ከአንሶላዎቹ መካከል አስቀመጠችው። ስታንዱንም ከአልጋው ሥር አስተኛችው። ሌባ የሆነች መስሎ አልተሰማትም። እሾህ የነቀለች ያህል ቀለላት እንጂ። ደግሞስ ቦርሳውን የምትሸከመው እሷ አይደለች? መቅለሉን ማን ያውቃል?

ማንም አላወቀም። እሑድ ጠዋት በሰርገኞቹ መኪና ሐሙሲት ገቡ። በሴቶቹ ድንኳን በር ላይ የሙሽራዋ አክስት ኑሰይባ ዘንቢል ይዛ የሚገባውን ሁሉ ስልክ ትቀበላለች። ውስጥ ሴቱ ተገላልጦ፣ ፀጉሩን ለቆ፣ ሒና ተቀብቶ ስለሚጫወት ማንም በስልኩ ማንንም እንዲያነሳ አይፈቀድም።

«ፎቶ አንሺዋ፣ ማሻአላህ፣ ግቢ!» አለች ኑሰይባ። «የዛሬን ፎቶ የምናገኘው ካንቺ ብቻ ነው። አደራሽን። እህቴ አንድ ሴት ልጅ ነው ያላት።»

ሰሚሐ በስተግራ ጥግ ወንበር መርጣ ተቀመጠች። ከዚያ ሆኖ ሙሽራዋም፣ በሩም፣ ጭፈራውም ይታያል። ቦርሳውን ከፈተች። ትልቁ ካሜራ አፉን ተለጉሞ ተኝቷል። እጇን ሰደደች፤ የጎን ኪሱን ዳበሰች።

«እማ። ሌንሱስ?»

«ቤት ነው።»

«ረሳሽው?»

ሸምሲያ መዋሸት ትችል ነበር። «አልረሳሁትም። ቀነስሁልሽ። አንገትሽን ከሚሰብረው ብዬ።»

ሰሚሐ ለአፍታ እናቷን አየቻት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ምን አደረግሁሽ?» አለች። «እኔ ምን አደረግሁሽ እማ?»

«መኪናው ሄዶ ያምጣው…»

«መኪናው ሙሽራውን ሊያመጣ ሄዷል።»

ከበሮው ተመታ። ሰሚሐ ትንሿን ካሜራ አንገቷ ላይ አጠለቀችና ከመረጠችው ወንበር ተነሳች። ጠፍጣፋዋ ሌንስ ዙም አታደርግም፤ ስለዚህ መቅረብ ያለባት ሰሚሐ ናት። ሙሽራዋን ለማንሳት ጎንበስ አለች። ሒና የተቀባ እጅ ለማንሳት ቁጢጥ አለች። ጨፋሪዎቹን ለማንሳት ወንበርና ጉልበት መካከል ሆዷን በእጇ ከልላ ተሽሎከሎከች።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ አፍንጫዬን ለብቻው ልታነሺው ነው!» አለች አንዷ።

«እሱን ለብቻው ብታነሳውም ፎቶው ውስጥ አይገባላትም!» አለች አጠገቧ ያለችው፤ ሴቱ ሳቀ።

ሰሚሐም ሳቀች፤ ግንባሯን በእጅጌዋ ጠረገች። ሸምሲያ ጥግ ላይ ባዶውን ወንበር እያየች ተቀምጣለች። ሐይቁ ዳር ልጇ «አንድ ጥግ» ብላ የጀመረችው አሁን ገባት። ረጅሙ ሌንስ በስታንዱ ቆሞ ክብደቱን መሬት ይይዝላት ነበር። ልጇ ከወንበሯ ሳትነሳ ግማሹን ሰርግ ትጨርስ ነበር። እሷ ክብደቱን ቀነስሁ ብላ እርምጃውን አበዛችባት።

በዚህ መካከል በሩ ዘንድ እልልታ ሆነ። ከሩቅ አገር የመጣች ሌላዋ የኑሰይባ እህት ሳትጠበቅ ደርሳ የሙሽራዋ እናት ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱ አሮጊቶች ተያይዘው ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ፣ እንደገና ያለቅሳሉ። ሰሚሐ በድንኳኑ ወዲያኛ ጫፍ ነበረች። ካሜራዋን አነሳች፤ አወረደች። ሴቶቹ ከዚያ ሲታዩ ሐይቁ ላይ እንዳለችው ጀልባ ናቸው። ለመድረስ ፈጠን ስትል እግሯን የምንጣፉ ጠርዝ ያዛት።

«ያ ረቢ!»

ድንኳኑን ያናወጠው የሸምሲያ ጩኸት ነው። አንዲት ወፍራም ሴት ሰሚሐን ብብቷን ይዛ አቆመቻት። ከበሮው ቆመ። ሰሚሐ አልወደቀችም፤ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያለች ከእቅፍ ወጣች። ቀና ስትል ግን እህትማማቾቹ ተላቅቀው ሁሉም ወደ እሷ ዞሮ ያያል።

ኑሰይባ እየሮጠች መጣች። «ደህና ነሽ?… ሲላቀሱ አነሳሻቸው?»

«አላነሳኋቸውም። ሩቅ ነበሩ።»

ኑሰይባ ዞራ የሰበሰበችውን የስልክ ዘንቢል አየች። አስተያየቷ ከስድብ ባሰ።

ሸምሲያ ተነሳች። ያን ባዶ ወንበር አንጠልጥላ መሃሉን ሰንጥቃ ሙሽራዋ ፊት ተከለችው። «ተቀመጪ» አለች ልጇን። ሰሚሐ ከቁጣዋ ጋር ተቀመጠች። ሸምሲያ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፤ አትመጣላችሁም። እናንተ ኑ! ሙሽራዋን የምትስም በዚህ በኩል፣ የሳመች በዚያ በኩል! አንቺ ባለ ቢጫዋ፣ ቀጥይ!»

«ሸምሲያ ትራፊክ ሆነች!» አለች አንዷ።

«ትራፊክማ ይቀጣል። እኔ ገና እለምናለሁ። ነይ!»

ሴቱ እየሳቀ ተሰለፈ። የቀረው ፎቶ እንደዚያ ተነሳ፤ ፊቶቹም አማሩ። ኑሰይባ በካሜራው ጀርባ እያየች በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱን እህትማማቾች አምጥተው እንደገና ተቃቀፉ አሏቸው። ተቃቀፉ፤ ግን አፍረው ይሽኮረመሙ ነበር። ሰሚሐ አነሳቻቸው። እንደ መጀመሪያው እንዳልሆነ እሷም፣ ኑሰይባም፣ ሸምሲያም አወቁ።

ሲመሻሽ መኪና ውስጥ ገቡ። ሸምሲያ የልጇን ያበጠ እግር አንስታ ጭኗ ላይ ልታደርግ ስትል ሰሚሐ መለሰችው።

«አምና የሆነው በካሜራ አይደለም። ሐኪሙ አንቺው ፊት ነው የተናገረው። ክብደት ቀንሺ አለኝ እንጂ ሥራ ተዪ አላለኝም።»

«ሰምቻለሁ።»

«አልሰማሽም። ፈርተሽ ነበር። የፈራ ሰው አይሰማም።»

በመስኮቱ የባሕር ዳር መብራት መታየት ጀመረ። ረቡዕ የሰርጉ መልስ አለ፤ ኑሰይባ ስትሸኛቸው፣ «የመልሱን ግን እንደ ዛሬው እንዳይሆን» ብላለች። ቢያንስ አልሻረቻትም።

«ልከለክልሽ አይደለም» አለች ሸምሲያ በመጨረሻ። «ረጅሙን ስታንዱ ላይ ስታደርጊው፣ እጅሽ ምን ይሆናል?»

ሰሚሐ እናቷ ልታቋርጣት እንደሆነ ጠርጥራ ዘወር ብላ አየቻት። «ያዝ ብቻ ነው የሚያደርገው። አልሸከመውም።»

«ሲዞርስ?»

«ከሥሩ ይዞራል። እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ።»

«እሺ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ሰሚሐ ገና ተቆጥታ ነበር፤ ቢሆንም መናገር ጀመረች። ሸምሲያ ደጋግማ አፏን ከፈተች፤ ደጋግማም መልሳ ዘጋችው።