መውጫው በመጨረሻ ይሰቀላል

ያ የባቡር ጣቢያ መስፋፋት ከጀመረ ወዲህ አንድም ቀን እንደ ትናንቱ ሆኖ አያውቅም። ትናንት ደረጃ የነበረው ዛሬ ግድግዳ ነው፤ ትናንት ግድግዳ የነበረው ዛሬ አፉን ከፍቶ ሕዝብ ይውጣል። ሁለት የባቡር መስመሮች በሚገናኙበት ላይ ሦስተኛ ሊጨመር ነው ተብሎ፣ ተሳፋሪው ጠዋት በገባበት በር ማታ አይወጣም። እንዲህ ባለ ቦታ ጌታው ማነው ቢሉ፣ መሐንዲሱም ፎርማኑም አይደሉም፤ የአቅጣጫ ምልክት ሰቃዩ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ባለቀስቱ» ይለዋል። እሱ ቀስቱን ወደ ግራ ካዞረው ከተማው ወደ ግራ ይሄዳል። ትንሽ ይኮራበት ነበር ቢባል ሐሜት አይሆንም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ በየቀኑ እዚያው ጣቢያ ወርዳ ባቡር ትቀይራለች። ሥራው የተጀመረ ሰሞን መንገድ ጠፍቷት፣ አንዱን ስትጠይቅ ወዲህ፣ ሌላውን ስትጠይቅ ወዲያ ሲሏት ቆይተው፣ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ቤት ገባች።

«የኔ ሞኝ» አላት እየሳቀ። «ሰው ምን ያውቃል? የማንንም ፊት አትይ፣ የማንንም አፍ አትስሚ። ቀና ብለሽ ቀስቱን ብቻ ተከተይ።»

«አንተ ብትጠራኝስ?»

«እኔም ብጠራሽ!»

«እሺ ጌታዬ፣ ካንተ ይልቅ ቆርቆሮህን አምናለሁ» ብላ ቀለደችበት። ምክሩን ግን አጥብቃ ያዘች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ።

የምልክት ሥራ የራሱ ወግ አለው። አዲስ ክፍል ከመከፈቱ በፊት ወደዚያ የሚያስገቡት ቀስቶች ቀድመው ይሰቀሉና ጥቁር ላስቲክ ይለብሳሉ። «መውጫ» የሚለው ግን በመጨረሻ ነው የሚሰቀለው፤ በሩ በየት በኩል እንደሚሆን እስከ መክፈቻው ዋዜማ አይታወቅማ። አዲሱ አዳራሽ ደግሞ ገና ጉድጓድ ነበር። ፊቱ በብሎኬት ተዘግቷል፤ ከብሎኬቱ ጀርባ ያለው ጭቃና ብረት ብቻ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ፎርማኑ እያለከለከ መጣ። «እንግዶች ሊጎበኙ ነው! የአዲሱን አዳራሽ ቀስት ላስቲክ አንሳልኝ፣ ለፎቶ ያምራል።» ባለቀስቱ አነሳ። እንግዶቹ መጡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። እሱንም ሌላ ሥራ ጠራውና መልሶ ሳያለብሰው ቀረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ ግን ማፍሰሱንም አላወቀ።

አመሻሹ ላይ፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ መሰላል ላይ ሆኖ አንድ የላላ ብሎን ሲያጠብቅ የጥበቃው ድምፅ ከታች መጣ።

«ዛሬ ሰዉን ምን ነካው? ይገባል እንጂ አይወጣም።»

ባለቀስቱ ዞር አለ። ከሚጎርፈው ሕዝብ መሃል አንዳንዱ ቀና ብሎ ያንን የተረሳ ቀስት ያያል፤ ከሰዉ ይነጠልና ብሎኬቱ ወደሚታጠፍበት ጥግ ይሄዳል፤ ይታጠፋል። አይመለስም። ከጥጉ ወዲያ ደግሞ እግር የሚያሳርፍ ቦታ እንኳ የለም። ክው ብሎ ሲያይ ሚስቱ መጣች፤ ቦርሳዋን አቅፋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

«አንቺ! ቁሚ!»

ድምፁን ሰምታለች፤ ትከሻዋ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አይቷል። ዓይኗን ግን ከቀስቱ አላነሳችም። ታጠፈች።

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ጥጉ ጋ ሲደርስ ያገኘው ያልደረቀ ልስን ያለበት ድፍን ግድግዳ ነው። ጆሮውን ለጠፈበት፤ ከውስጥ የብዙ ሰው ኮቴ ይሰማል፤ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ የትም አይደርስም። ሮጦ ቀስቱን በላስቲክ ሸፈነው። ኮቴው ሁሉ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ይህኛው ባሰበት። ላስቲኩን መልሶ ገፈፈው፤ ኮቴው እንደገና ተነሣ።

ያኔ ገባው። አስገብቷቸዋል፤ የሚያስወጣቸው ምልክት ግን የለም።

ከዕቃ ቤት አረንጓዴውን የ«መውጫ» ሰሌዳና መሰርሰሪያውን ይዞ ተመለሰ። ግድግዳውን ሳያይ፣ ልክ እንደነሱ ቀስቱ ላይ ብቻ ዓይኑን ተክሎ ሄደና ጥጉን ታጠፈ። ልስኑ አልነካውም።

አዳራሹ ተሠርቶ አልቋል። ወለሉ ያበራል፣ መብራቱ በርቷል፤ ሐዲድ ግን የለም፣ በርም የለም። ሕዝቡ ፊቱን ወደ ላይ አንጋጦ፣ እርስ በርሱ ሳይተያይ ይዞራል። ባለቀስቱ በገባበት በኩል ሰሌዳውን ሊሰቅል መሰርሰሪያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ግድግዳው ሸሸ። አንድ እርምጃ ተጠጋ፤ ያም አንድ እርምጃ ሸሸ። ሌላ ዘዴ አልነበረውም፤ ሰሌዳውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንሥቶ ቀስቱን ወደመጣበት አዞረ።

ዓይኖቹ ሁሉ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። አንድ በአንድ እያለፉት መውጣት ጀመሩ፤ እሱም በደስታ አለቀሰ። ወዲያው እሷ መጣች። በጣም ቀርባ ስለነበር ልብሷ ላይ ከነክሯ የተሰካችው መርፌ ታየችው።

«እኔ ነኝ» አላት። «እዪኝ እንጂ፣ እኔ ነኝ። ስትወጪ ውጭ ያለውን ቀስት ሸፍኚልኝ።»

ዓይኗ ከሰሌዳው አልወረደም። መንገድ የዘጋባትን ሰው በክንዷ ቀስ አድርጋ ገፋ አደረገችው።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለችና አለፈች።

ሊከተላት ክንዱን ዝቅ ሲያደርግ ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ቆሙ። መልሶ ከፍ አደረገው። ውጭ ያለው ቀስት አሁንም ላስቲክ አልለበሰም፤ ከሥራ የሚመለሰው ሰው ገና እየገባ ነበር።