ጓንቱ ውስጥ የቀረ አሸዋ

"ጋሼ፣ እጅህን አንሳ!"

ታላቅ ወንድሟ አልሰማትም፤ ወይም ያልሰማ መሰለ። ፀጉራሙን የማጠቢያ ጓንት እንዳጠለቀ በጥቁሩ መኪና ኮፈን ላይ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ሰደደው። ክርርር የሚል ድምፅ ከውሃው ጩኸት መሃል ጆሮዋ ገባ። ሳሙና የጠገበ ጓንት እንዲህ አይጮህም። ሮጣ የእጁን አንጓ ያዘችው።

"ምን ሆነሻል? ሰው እያየን!"

"አሸዋ ይዟል።"

"የታለ?"

ጓንቱን ገልብጣ አሳየችው። ጥቃቅን ጠጠሮች በፀጉሩ መሃል ተሰግስገዋል። ወንድሟ ወደ ፊቱ አስጠጋው፣ አራቀው፣ እንደገና አስጠጋው።

"ምንም የለውም" አለ።



ወንድሟ በዚህ የመኪና ማጠቢያ ግቢ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ያጠበው መኪና ፊት ስለሚያሳይ "መስታወት" ይሉታል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደጋትም፣ ሥራውን ያስተማራትም እሱ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ኩባያ ሲያነሳ ጠረጴዛውን ይዳብሳል፤ ስልኩ ሲጠራ "ማነው እሱ?" ብሎ እሷን ይጠይቃል። ምን ሆንክ ስትለው "ሳሙና ገብቶብኝ ነው" ይላታል።

የባልዲ ወንፊት የሠራችው ለዚህ ነበር። የለስላሳ ሳጥን ቀዳዳማ ወለል በባልዲው ልክ ክብ አድርጋ ቆረጠች፤ ከቧንቧ ቁራጭ አራት እግር አበጀችለትና መለቅለቂያው ባልዲ ውስጥ አስቀመጠችው። ጓንቱን እላዩ ላይ ሲያሹት አሸዋው በቀዳዳዎቹ ወርዶ ከሥር ይቀራል፤ ጓንቱ ተመልሶ አያገኘውም። ለዚህ ሥራ መዳፍ ይበቃል፤ ዓይን አያስፈልግም። ይህን የመጨረሻውን ግን አልነገረችውም።

"ባልዲ ውስጥ አልጋ ዘርግተሽ ማንን ልታስተኚ ነው?" ብሎ አሳቀባት። ዛሬም አውጥቶ ግድግዳው ሥር ጥሎት ነበር።

የመኪናው ባለቤት፣ አንዲት መነጽር ያደረገች መምህርት፣ ከአግዳሚው ተነስታ መጣች። እህትየው አረፋውን በውሃ ገፈፈችው። ፀሐይዋ ኮፈኑ ላይ ስታርፍ ሦስት ቀጫጭን ጭረቶች ብልጭ አሉ።

"ቀለም ከተቀባ ገና ሳምንቱ ነው እኮ!" አለች መምህርቷ። "ምንድን ነው ያደረጋችሁት?"

የግቢው ባለቤት ከቢሮው ወጣ። ባለፈው ወር አንድ ነጭ መኪና እንዲሁ ተጭሮ፣ ሁለተኛ ቢደገም ያጠበው ሰው ሽርጡን አውልቆ እንደሚሄድ ተናግሯል። ሁሉም ሰምተዋል።

"ማነው ያጠበው?"

"እኔ..." አለች እህትየው።

"ዝም በይ አንቺ!" ወንድሟ ወደ ድምፁ ዞረ። "እኔ ነኝ።"

"አንተ? መስታወት? አሸዋ የያዘ ጓንት አታይም እንዴ?"

"አላይም።"

"ታሾፍብኛለህ?"

"አላይም አልኩዎት። ጓንቱንም፣ ጭረቱንም። እርስዎንም በድምፅዎ ነው የለየሁዎት።"

አጠገባቸው የውሃ ጎማ የያዘ ሌላ አጣቢ ሳይነግሩት ውሃውን ዘጋ። እህትየው መሬት መሬት አየች። ለብቻዋ ስታውቀው እንዲህ አልከበዳትም ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች መምህርቷ፤ ቁጣዋ በረድ ብሏል።

"ስድስት ወር ቢሆነው ነው።"

"ሐኪም አላዩም?"

"ሐኪም ጋ ብሄድ አይታይህም ነው የሚለኝ። እሱን እኔም አውቀዋለሁ።"

ማንም አልሳቀም።

ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ጭረቶቹን በጥፍሩ ፈተሸ። "ጥልቅ አይደለም፤ ፖሊሽ ያጠፋዋል። በነፃ እንሠራልሻለን" አላት መምህርቷን። ቀና ሲል ወንድሟን ፊት ለፊት ማየት ከበደው። "ዓይንህን ሳትታይ ጓንት አታጠልቅም። ታክመህ ስትመጣ ደግሞ... እንነጋገራለን። አንቺ ፖሊሹን ጀምሪ፤ አምስት መኪና ተሰልፏል።"

ወንድሟ ሽርጡን አውልቆ አጣጠፈና ኮፈኑ ላይ ሊያስቀምጠው ሲል እጁን መለሰ። ብብቱ ውስጥ ሸጉጦት ወደ በሩ አመራ። መሃል ላይ መሬት የተዘረጋው የውሃ ጎማ እግሩን ያዘውና ተንገዳገደ፤ ቆም ብሎ፣ ያየው ሰው እንዳለ ለማወቅ ይመስል አንገቱን ዞር አደረገ። እህቱ ከእሱ አምስት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። አላያትም።

ጓንቷን አወለቀች።

"የት ነው?" አለ ባለቤቱ።

"ዓይን ክሊኒኩ ስድስት ሰዓት ላይ ካርድ መስጠት ያቆማል።"

"ሰው ተሰልፎ? ዛሬ ከወጣሽ እኮ..."

ጨርሶ እስኪናገር አልጠበቀችም። በሩ ጋ ደርሳ የወንድሟን ክንድ ያዘች።

"ሥራሽስ?" አላት።

"ሁለት ደረጃ አለ፤ ቀስ በል።"

"አስራ ዘጠኝ ዓመት የወረድኩበትን ደረጃ?" አለ ተቆጥቶ። ክንዱን ግን አልነጠቃትም።