የወለቃው ገንቦ

አራተኛዋም ዓሣ ሐሙስ ጠዋት ሞታ ተንሳፋ ተገኘች። ማሩ በማንኪያ አወጣትና መዳፉ ላይ አስተኝቶ አያት። ትናንት ማታ ደኅና ስትዋኝ ነበር እኮ! ውሃውስ ቢሆን ኩልል ብሎ የለ?

«ምን ሁን ነው የምትይኝ?» አላት በንዴት። «ምን ያላደረግሁልሽ ነገር አለ?»

ዓሦቹ አምስት ነበሩ። መምህር ሐብተ ማርያም ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲዛወሩ፣ ባሕር አይተው ለማያውቁ ተማሪዎች ማሳያ ይሆናል ብለው፣ በባሕር ውሃ የተሞላ የመስተዋት ሣጥን በጭነት ማኪና አምጥተው ላቦራቶሪው ውስጥ አስቀመጡ። ከዓሦቹ ጋር ድንጋይ መስሎ ነፍስ ያለው ነገር አለ። በድንጋዩ ላይ ደግሞ ደስ ሲላት እንደ አበባ የምትፈካ፣ ሲከፋት የምትከደን አንዲት ጉደኛ ፍጥረት ተቀምጣለች። እሷም ከተከደነች ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ማሩ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሞ ብርድ ሲጠጣ ኖሯል። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ ታሞ ሳይጨርስ የወጣ ሰው ነውና ከዕውቀት ደጅ የቀረሁ ነኝ የሚለው ቁጭት አለቀቀውም። መምህሩ አዲስ የባሕር ውሃ በበርሜል ሊያመጡ ወደ ምጽዋ ሲሄዱ የላቦራቶሪውን ቁልፍ በክር አንገቱ ላይ አጠለቁለት።

«አያ ማሩ፣ እስክመለስ በሕይወት ካቆየህልኝ ከበር ትነሣለህ» አሉት። «የዚህ ክፍል ጠባቂ አንተ ትሆናለህ። ዳይሬክተሩንም እሺ አሰኝቻለሁ።»

አንድ ነገርም አደራ ብለውት ነበር። ውሃው ይጣራበት የነበረው ቆርቆሮ ዝጓል፤ ዝገት ደግሞ ለነዚህ መርዝ ነው። ስለዚህ ከሥሩ የተበሳ የሸክላ ዕቃ ይፈለግ፤ አሸዋና ከሰል ይሞላበት፤ ውሃው በቅል እየተቀዳ ከላይ ሲፈስበት ከታች ጠርቶ ወደ ሣጥኑ ይንጠባጠባል። ዕቃው ንጹሕ ይሁን፤ ሳሙና ግን እንዳይነካው።

ማሩ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር፣ ወለቃ ድረስ በእግሩ ሄደ። ሸክላ ሠሪዋ ገና ያልተተኮሰ ገንቦ ይዛ፣ ሥሩን ብሺልኝ ሲላት «ሊጠጡበት ነው ወይስ ሊያፈሱበት?» ብላ ሳቀችበት። በሦስተኛው ቀን ተተኩሶ ሲያልቅ ወስዶ ለሚስቱ ለይመኙሽ ሰጣት። «ንጹሕ አርገሽ አዘጋጂልኝ፤ ሳሙና እንዳታስነኪው» አላት። ሰኞ ጠዋት ከእጇ ተቀብሎ ሄደ። ማክሰኞ አንድ ዓሣ ሞተ። ረቡዕ ሁለት ሞቱ።

ማሩም ዓሦቹ በታመሙ ቁጥር ማጣራቱን አበዛው። ማክሰኞ መቶ ቅል አፈሰሰ፤ ረቡዕ ሁለት መቶ፤ ክንዱ እስኪዝል። ጠላ እንኳ እንዲህ ተጣርቶ አያውቅም! ውሃው እየጠራ፣ ዓሣው እያለቀ ሄደ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው፤ በሩ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?

አብሮት በር የሚጠብቀው ባዬ አንገቱን በመስኮት አስገባ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ! ስንት ቀሩ፣ አያ ማሩ?»

«አንድ።»

«ታዲያ እሷን ለምን ጠብሰን አንበላትም? ዛሬ እንደሁ ጾም አይደል።»

«ወደ በርህ ሂድ፣ አንተ ሰውዬ! በቁሜ እየሞትሁ ትቀልዳለህ?»

ባዬ ግን ልቡ አይችልም፤ ገባና አጠገቡ ቆመ። «ስማኝ እስቲ። መምህሩ ከሰዓት ይደርሳሉ። ብርዱ ገደላቸው በል። የምጽዋ ዓሣ የጎንደርን ብርድ ከየት ይችለዋል? ማን ይጠይቅሃል?» ከዚያ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ። «እኔ እምለው፣ እዚህ ጠላ ጠንስሰሃል እንዴ?»

«ምን?»

«ወይራ ወይራ ይሸተኛል።»

ማሩ አፍንጫውን ገንቦው አፍ ላይ ደቀነ። የሸተተው ነገር የቤቱ ሽታ ነው፤ የጋቢው፣ የሚስቱ፣ የዕድሜ ልኩ ሽታ። ለሱ ይህ ሽታ ተብሎ አያውቅም። በሌላው እጁ የያዛትን የሞተች ዓሣ አነሣና አሸተታት። እሷም ወይራ ወይራ ትላለች።

«ወይኔ ማሩ!» አለና እየሮጠ ወጣ።

ይመኙሽን ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጣ ግራዋ ስትቀጥፍ አገኛት።

«አንቺ! ገንቦውን ምን አድርገሽው ነው?»

«ምነው? ተሰበረ እንዴ?»

«ምን አድርገሽው ነው አልሁሽ!»

«ምን አደርገዋለሁ? በግራዋ አጠብሁት፤ በወይራ አጠንሁት። ሦስት ጊዜ! የሰው አደራ ነው ብዬ ከራሴም አብልጬ ነው ያጠንሁልህ።»

«አጠንሽው!»

«ንጹሕ አርጊው አላልኸኝም? ያልታጠነ ገንቦ ንጹሕ ነው እንዴ? ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?»

ማሩ የሚሰብረው ነገር ፈለገ፤ አጣ። ሊጮኽባት አፉን ከፈተና ሰኞ ጠዋት ትዝ አለው። ራሱ ነው ገንቦውን ተቀብሎ፣ አፉን አሽትቶ፣ «እሰይ! ሸጋ አርገሽዋል» ያላት። ሳሙና እንዳይነካው እያለ እንደ ውዳሴ ማርያም ሲደግም ከርሞ፣ ጭስ የሚባል ነገር መኖሩ አልታየውም። ያ ሁሉ ቅል፣ ያ ሁሉ ልፋት፣ ጭሱን ከገንቦው እያጠበ ዓሦቹን ማጠጣት ነበር። እንዲህ ተናድዶ አያውቅም፤ የሚናደድበትም ሰው አጣ።

«ጭሱ ነው የፈጃቸው?» አለች ይመኙሽ ቀስ ብላ።

«ጭሱ ነው።»

«እኔው ነኛ!» ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ዝም በይ። ያልታጠነ ገንቦ አለሽ?»

«ከኔ ቤት?» አለች፤ በዚህ ሐዘን ውስጥ ሆና እንኳ ተቀየመች። «ከጎረቤታችን ከትርንጎ ቤት አዲስ አለ። ገና እጅ አልነካውም።»

«በውሃ ብቻ አለቅልቂና አምጪልኝ። ሥሩን በሚስማር እበሳዋለሁ።»

ተመልሶ የታጠነውን ገንቦ ወደ ውጭ ወረወረው። ለክፉ ቀን የተቀመጠች አንዲት ጀሪካን የባሕር ውሃ ነበረች፤ ከሣጥኑ ያንኑ ያህል ቀንሶ እሷን ጨመረ። ከዚያ አየር እንዲገባው ውሃውን በቅል እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ያፈስሰው ጀመር። የቀረችው ቢጫ ዓሣ አንድ ጥግ ይዛ ትተነፍሳለች።

ከሰዓት የማኪናው ጥሩምባ ተሰማ። መምህሩ አቧራ ለብሰው ገቡ፤ ዳይሬክተሩ ተከተሏቸው። መምህሩ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብለው ፈለጉ፤ በድንጋዩ ኋላም አዩ። ፊታቸው ጠቆረ።

«አያ ማሩ፣ ሌሎቹስ?»

«ብርዱ ነው፣ ጌታዬ!» አለ በርሜል ሊያወርድ የመጣው ባዬ ፈጠን ብሎ። «ሰሞኑን የወረደው ውርጭ ሰውም አልቻለው።»

«ብርዱማ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ። «በሰውዬው አይፈረድም።»

በቃ፣ አለቀ። ማሩ አንዴ ራሱን ቢነቀንቅ ቁልፉ የሱ ነው። ቀና ሲል ግን ይመኙሽ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ያልታጠነ ገንቦ ተሸክማ ሰው እንዳያያት በነጠላዋ ሸፍናዋለች። ልትናገር አፏን ስትከፍት አየ።

«ብርዱ አይደለም» አለ ቀድሟት። «ገንቦው በወይራ ታጥኖ ነው።»

«ማን አጠነው?» አሉ መምህሩ።

«እኔ።»

ዳይሬክተሩ ከት ብለው ሳቁ። «ወንድ ልጅ ገንቦ ሲያጥን! ዘንድሮ የማንሰማው የለም!»

ማሩ ጆሮው ድረስ ጋለ። ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመምህሩ እጅ አጠገብ አኖረው። ከሚስቱ ገንቦውን ተቀብሎ አፉን አሸተተ። የጭቃ ሽታ ብቻ ነበረው። ሚስማርና ድንጋይ አነሣና ተቀምጦ ሥሩን መብሳት ጀመረ።